አንድ ግራም ካርቦን በእርግጥ የእግር ኳስ ሜዳ ያክላል?

«አንድ ግራም ካርቦን የእግር ኳስ ሜዳን ያህል ስፋት አለው።» ይህን ዓረፍተ ነገር የሆነ ቦታ ሳታገኙት አትቀሩም። ስለ ውሃ ማጣሪያ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ አለ፤ ስለ ናኖቴክኖሎጂ በሚሠሩ ቪዲዮዎች ውስጥ አለ፤ አንዳንዴም በመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ብቅ ይላል። ይገርማል፣ ለማስታወስም ቀላል ነው። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም። ትክክል ሲሆን እንኳ ዋናውን ነገር ይደብቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ልማድ ነው፤ ማለትም አንድን የካርቦን ዓይነት «የገጽ ስፋቱ ስንት ነው?» ብሎ በአንድ ቁጥር ብቻ መመዘንን። ለምሳሌነት የመረጥነው ካርቦን ናኖቲዩብን ነው። ምክንያቱም የናኖቲዩብን ስፋት በእስክሪብቶና በወረቀት ማስላት ይቻላል፤ በኬሚካል ሲታከም ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድም በግልጽ ይታያል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለጎጃም ከሰል፣ ለጎጃም አፈርና እዚሁ ላለው ቤተ ሙከራ ምን ትርጉም እንዳለው እናያለን።

መጀመሪያ ሜዳውን እንለካ

ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የተለመደው ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው። ሲባዛ 7140 ካሬ ሜትር ይመጣል። ለውሃ ማጣሪያ የሚሸጠው አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ቀዳዳዎቹ በሙቀት፣ በእንፋሎት ወይም በኬሚካል እንዲከፈቱ የተደረገ ከሰል፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራም ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር አለው። እንግዲህ አንድ ሜዳ ለመሙላት ከ5 እስከ 14 ግራም ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ግራም ብቻውን የሚሞላው የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን ነው፤ እሱ 665 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ጎበዝ የሆነው ካርቦን ሁለቱንም ክልሎች ይሞላል፤ ደካማው አንዱንም አያዳርስም።

በእርግጥ በግራም 7140 ካሬ ሜትር ተለክቶለታል ተብሎ የተዘገበ ቁስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤንዩ-110 ይባላል። ቁጥሩ ከሜዳው ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። ነገር ግን ኤንዩ-110 ከሰልም ናኖቲዩብም አይደለም፤ መዳብና የካርቦን ሞለኪውሎች እንደ ቤት ማገር ተያይዘው የተዋቀሩበት ክሪስታል ነው። ስለ እሱ የተባለውን ወስዶ ለማንኛውም ከሰል መስጠት አይቻልም።

በደብተር ላይ የሚሠራ ሒሳብ

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። አንድ ግንድ እንዳለ ምድጃ ውስጥ ቢገባ በግድ ነው የሚይዘው። ተፈልጦ ስንጥር ሲሆን ግን እሳቱ ወዲያው ያገኘዋል። እንጨቱ አልጨመረም፤ የጨመረው አየር የሚነካው ገጽ ነው። ታዲያ መፍለጡን ብንቀጥል፣ ብንቀጥል፣ መጨረሻው የት ነው? ለካርቦን መጨረሻው አንድ አተም ውፍረት ያለው ንጣፍ ነው። ግራፊን ይባላል። ከዚያ በላይ የሚፈለጥ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ አተም በሁለቱም በኩል ደጅ ላይ ነው።

አንድ ግራም ካርቦን ውስጥ 5 ተብሎ 22 ዜሮ የሚከተለው ያህል አተም አለ። በንጣፉ ላይ እያንዳንዱ አተም የሚይዘው ቦታ 0.0262 ካሬ ናኖ ሜትር ነው። አባዙት፤ በአንድ በኩል 1315 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል። በሁለቱም በኩል ሲቆጠር 2630 ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ንጣፉን እንደ ሰሌን ጠቅልላችሁ ቱቦ አድርጉት። ያ ናኖቲዩብ ነው። እንዲህ ያሉ ቱቦዎችን የሶቪየት ኅብረት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1952 በማይክሮስኮፕ አይተው ምስላቸውን አሳትመው ነበር፤ ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጽሑፍ ነው። ቱቦው ጫፍና ጫፉ ዝግ ከሆነ የውስጥ ገጹን ማንም አይነካውም፤ ስለዚህ ስፋቱ ከ2630 ወደ 1315 ይወርዳል። ብዙዎቹ ናኖቲዩቦች ደግሞ ባለ አንድ ግድግዳ አይደሉም፤ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ፣ ያም በሌላው ውስጥ ተደራርቦ የተሠሩ ናቸው። የውስጦቹ ግድግዳዎች ክብደት ይጨምራሉ እንጂ ለውጭ ገጽ ምንም አያዋጡም። ውፍረቱ 10 ናኖ ሜትር የሆነ ባለ 10 ግድግዳ ቱቦ ብትሠሩለት በግራም 190 ካሬ ሜትር ገደማ ነው የሚወጣው። ሜዳው የት ሄደ? የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ሲሶ እንኳ አልሞላም።

ቆጣሪው ማን ነው?

ሒሳቡ ይህን ይላል። ቤተ ሙከራ ውስጥስ እንዴት ይለካል? ሜትር ዘርግቶ አይደለም። ናሙናው አየሩ በደንብ ከወጣለት በኋላ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ የናይትሮጅን ጋዝ ቀስ እየተባለ ይለቀቅበታል። የናይትሮጅን ሞለኪውሎች ገጹ ላይ እየተነጠፉ ይቀመጣሉ። ገጹን አንድ ጊዜ ለማልበስ ስንት ሞለኪውል እንደገባ ይሰላል፤ እያንዳንዱ 0.162 ካሬ ናኖ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ይባዛል። ይህን ስሌት ብሩናወር፣ ኤሜትና ቴለር የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1938 አወጡት፤ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት «ቢኢቲ» ይባላል። በየጽሑፉ የምታዩት የገጽ ስፋት ብዙውን ጊዜ የቢኢቲ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቆጣሪው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ያልገባበት ቀዳዳ አይቆጠርም። ናይትሮጅን ገብቶበት ውሃ ወይም ትልቅ የቀለም ሞለኪውል የማይገባበት ቀዳዳ ግን ይቆጠራል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግራችሁ ቁሱ ምን ያህል ስፋት «እንዳለው» ሳይሆን፣ አንድ ትንሽና ቀዝቃዛ የጋዝ ሞለኪውል ምን ያህሉን እንዳገኘው ነው።

አሲዱ ሲመጣ

አሁን ወደ ኬሚካሉ እንግባ። ናኖቲዩቦች ሲመረቱ አንድ በአንድ ተለያይተው አይወጡም። ባለ አንድ ግድግዳዎቹ በተለይ እንደ ነዶ ተጣብቀው ይታሰራሉ። አንድ የስንዴ ነዶ አስቡ፦ ውጭ ያሉት አገዳዎች ይታያሉ፣ መሐል ያሉትን ንፋስም አያገኛቸው። አገዳው ውስጡ ክፍት ቢሆንም ጫፉ ከተደፈነ ምንም አይገባበትም። ናኖቲዩብም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ላይ ለማምረት የዋለው የብረት፣ የኮባልት ወይም የኒኬል ርዝራዥ አብሮት ይቀራል።

ተመራማሪዎች ይህን ለማስተካከል በብዛት የሚጠቀሙት ናይትሪክ አሲድን ነው፤ አንዳንዴ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ቀላቅለው። አሲዱ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። የብረቱን ርዝራዥ ያሟሟል። የቱቦውን ጫፍ በልቶ ይከፍታል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ኦክስጅን ያዘሉ ቡድኖችን ይተክላል፤ ውሃን የሚጠላው ካርቦን ከውሃ ጋር የሚስማማው በእነዚህ ምክንያት ነው። (አደራ፣ ይህ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም፤ የተከማቸ ናይትሪክ አሲድ ቆዳንም ሳንባንም ያቃጥላል።)

ታዲያ የገጽ ስፋቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? መልሱ «እንደ ሁኔታው» ነው፤ ይህ ግን ማምለጫ አይደለም፣ ምክንያት አለው። ጫፍ ሲከፈት ስፋት ይጨምራል። አዲስ የተተከሉት ቡድኖች ግን በሩ ላይ ቆመው መግቢያውን ሊዘጉት ይችላሉ። አሲዱ ከደረቀ በኋላም ነዶው ይበልጥ ጠብቆ ሊታሰር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጆን ዬትስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ በአሲድ የታከሙ ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦዎች በሙቀት ቡድኖቹ ሲነቀሉላቸው ዜኖን የተባለው ጋዝ ወደ ውስጣቸው በብዛት ገባ። ቱቦው ያው ቱቦ ነው። የተለወጠው በሩ ነው።

ሌላው መንገድ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ከናኖቲዩቡ ጋር ተደባልቆ፣ አየር በሌለበት፣ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሲሞቅ ግድግዳውን እየቦረቦረ አዳዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። በዚህ መንገድ ስፋቱ በእጥፍና ከዚያ በላይ ሊያድግ ይችላል። እንጀራ ዐይን የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በስቶ ሲወጣ ነው አይደል? እዚህም ካርቦኑ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ቁሱ ይቀንሳል፣ ግድግዳው ይጎዳል፣ ናኖቲዩብ የሚወደድለት ጥንካሬና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትም አብሮ ይወርዳል።

ትችታችን

አሁን ሰንጠረዡን አስቡት፦ «ከመታከሙ በፊት 200፣ ከታከመ በኋላ 250 ካሬ ሜትር በግራም። ስለዚህ አሲዱ ገጹን በ25 በመቶ አሰፋው።» አሳማኝ ይመስላል። ግን ናሙናው መጀመሪያ ላይ ከክብደቱ 20 በመቶው ብረት ቢሆንስ? ብረት ከባድ ነው፤ ለስፋቱ የሚያዋጣው ግን ኢምንት ነው። 200ው ካሬ ሜትር የተሸከመው 0.8 ግራም ካርቦን ነበር ማለት ነው። ብረቱ ታጥቦ ሲሄድ ያው ካርቦን በግራም 250 ይሆናል። አንድም ቱቦ አልተከፈተም፤ አንድም ቀዳዳ አልተፈጠረም። የተለወጠው አካፋዩ ነው! በተቃራኒው ኦክስጅን ሲተከል ክብደት ይጨምራል፤ ገጹ ሳይጎዳም ቁጥሩ ይወርዳል። ከሚዛኑ በታች ምን እንዳለ የማይናገር ጽሑፍ ስለ ስፋቱ ብዙም አልነገረንም።

ሁለተኛው ትችት ከጣሪያው ጋር ይያያዛል። ያዙት ያልናችሁ 2630 ትዝ ይበላችሁ። ከዚህ በላይ፣ 3000 እና ከዚያም የዘለለ የቢኢቲ ቁጥር ለካርቦን ሲዘገብ ታገኛላችሁ። አተሞች በሙሉ በሁለቱም በኩል ከተጋለጡ በኋላ ተጨማሪው ከየት መጣ? የንጣፎቹ ጠርዝ ትንሽ ሊያዋጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ናይትሮጅን አይነጠፍም፣ ይሞላል። ስሌቱ ደግሞ የሞላውን ሁሉ እንደ ተነጠፈ ይቆጥረዋል። ጆንያ ውስጥ የገባ እህል መሬት ላይ የተሰጣ ነው ተብሎ ሲለካ እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው ስለ እርግጠኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት ለ61 ቤተ ሙከራዎች አስቀድሞ የተለኩ 18 ናሙናዎች ጥሬ መረጃ ተሰጥቷቸው የቢኢቲ ስፋቱን እንዲያሰሉ ተጠየቁ። መሣሪያው አልተለያየም፤ ናሙናው አልተለያየም፤ መረጃው አንድ ነው። መልሶቹ ግን በሰፊው ተለያዩ፤ ምክንያቱም ስሌቱ የሚሠራበትን የመረጃ ክልል የሚመርጠው ሰው ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ «1247.38 ካሬ ሜትር በግራም» የሚል ቁጥር ስታዩ ከነጥብ በኋላ ያሉት አኀዞች ጌጥ መሆናቸው ይገባችኋል።

ይህ ለጎጃም ምኑ ነው?

ናኖቲዩብ ሩቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ጥያቄው ግን እዚሁ አለ። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር እየተከሉ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ እየቆረጡ ከሰል ያከስላሉ፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። የማገዶ ከሰል ቀዳዳው አብዛኛው በራሱ ቅጥራን የተደፈነ ነው። በእንፋሎት ወይም በፎስፎሪክ አሲድ ቢታከም ሊከፈት ይችላል። እናም አንድ ወጣት ተመራማሪ «ከዚህ ከሰል የውሃ ማጣሪያ ልሥራ» ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈተነው በዚያው ቁጥር ነው፦ ትልቅ ካገኘ ተሳክቶለታል፣ ትንሽ ካገኘ ወድቋል።

ለምን ይህ ሚዛን እንደሚያሳስት ለማየት ከጎጃም ወጣ እንበል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ሲበዛ ጥርስን ያበላሻል፣ ሲብስ አጥንትን ያጎብጣል። በአጥንት ከሰል፣ ማለትም አየር በሌለበት በተቃጠለ የከብት አጥንት፣ ማጣራት ይቻላል። የአጥንት ከሰል የገጽ ስፋት በግራም 100 ካሬ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ከእሱ አሥር እጥፍ ስፋት ያለው ተራ አክቲቬትድ ካርቦን ግን ፍሎራይድን በመያዝ አይደርስበትም። ለምን? ፍሎራይድን የሚይዘው ስፋቱ አይደለም፤ አጥንቱ ውስጥ ያለው፣ የጥርሳችንም መሥሪያ የሆነው ማዕድን ነው። በሜዳ ስፋት የመረጠ ሰው የተሳሳተውን ማጣሪያ ለአንድ ቤተሰብ ይሰጣል። የትችታችን ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ደጋው እንመለስ። ጎጃም ውስጥ ብዙ ማሳ አሲዳማ ሆኗል፤ በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ያቀጭጫል። ኖራ ዋናው መድኃኒት ነው፤ ከሰልን ለአፈር ማዋልም እየተጠና ነው። ለገበሬው የሚጠቅመው ጥያቄ «ከሰሉ ስንት ካሬ ሜትር ነው?» አይደለም። አመዱ ምን ያህል አሲድ ያበርዳል? ገጹ ላይ ያሉት ኦክስጅን ያዘሉ ቡድኖች ምን ያህል አሉሚኒየም ይይዛሉ? የሚጠቅመው ይህ ነው። እነዚህ ቡድኖች ናይትሪክ አሲድ ናኖቲዩብ ላይ ከሚተክላቸው ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ የናይትሮጅኑን ቁጥር ሊቀንሱ የሚችሉትም እነሱ ናቸው። ቁጥሩ ወርዶ ሥራው ሊሻሻል ይችላል ማለት ነው።

በቤተ ሙከራውም ያው ነው። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ኬሚስቶች የካርቦን ኤሌክትሮድን ገጽ እየለወጡ በመድኃኒት ወይም በሌላ ናሙና ውስጥ ያለን ነገር መጠን የሚለኩ ጥናቶች አሳትመዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ «የገጽ ስፋት» ሲባል ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን የቆጠረው አይደለም፤ ኤሌክትሮን ሊቀባበል የቻለው ክፍል ነው። ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሌላ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የጎጃም ብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም የሚሠሩት ከጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻ ደቃቅ ካርቦን ነው፤ ብቻውን ውሃ ላይ ቢጨመር ይንሳፈፋል፣ ይጓጉላል። ሙጫ ሲጨመርበትና በደንብ ሲታሽ ግን ከውሃው ጋር ይዋሐዳል፤ ብራናው ላይም ለዘመናት ይቆያል። ሙጫው የጥቀርሻውን ገጽ አላሰፋውም፤ እንዲያውም ሸፈነው። ቀለም ያደረገው ግን እሱ ነው።

ስታነቡ ምን ትጠይቁ?

ቁጥሩን ጣሉት እያልን አይደለም። ጋዝ ለማከማቸት ወይም ኃይል በፍጥነት ለሚሞላና ለሚያወጣ መሣሪያ የገጽ ስፋት ትልቅ ቦታ አለው። አንድን ቁስ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ዓይነት ስሌት፣ ከሕክምና በፊትና በኋላ ማነጻጸርም ጠቃሚ ነው። የምንቃወመው ቁጥሩ ብቻውን ዳኛ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ወደፊት «ይህ ካርቦን በግራም ይህን ያህል ካሬ ሜትር ነው» የሚል ስታነቡ አራት ጥያቄ ጠይቁ። ቆጣሪው ማን ነው፣ ናይትሮጅን ወይስ በሥራው ላይ የሚገባው ሞለኪውል? ግራሙ ውስጥ ካርቦን ብቻ ነው ወይስ ብረት፣ አመድና ኦክስጅንም አለ? ቁጥሩ ከ2630 በላይ ከሆነ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የታከመው ካርቦን የታሰበለትን ሥራ ራሱን ሲሠራ ተለክቷል ወይ? አራተኛው ከሌለ ጽሑፉ ገና አልተጨረሰም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ ደግሞ ያልተጨረሰ ሥራ መልካም መነሻ ነው።